ሦስት ፎቅ፣ ሦስት ወሬ

«ቆይ! ይቺንማ ሳልነግርሽ አላልፍም!» አለ ሻርሼን፣ የሆስፒታሉ ደረጃ መታጠፊያ ላይ ቆሞ የደረጃውን ብረት ጨምድዶ።

ኑርዛዳ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን ወሬ ግን የሃምሳ ዓመት ያህል ሰምታለች።

«አንድ ቀን ኡላክ ስንጫወት፣ አርባ ፈረሰኛ አንድ የታረደ ፍየል ይጓተታል። እኔ ሆዬ ፍየሉን ብቻ መስሎኝ ሁለት ፈረሰኛ ጨምሬ መንጭቄ ግብ ውስጥ ከተትኩ! አንደኛው እስከ ዛሬ ፈረሱን ይፈልጋል።»

አክስቷ ቡሩል ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አይ ወንድሜ! ቡአውም ከዚያ አይደል የመጣው?»

እውነት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ኦፕራሲዮን የሚሆነው ቡአ ከዚያው ጨዋታ የመጣ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሻርሼን ደግሞ ቆመና፣ በወሬው፣ በባዶ እጁ ተኩላ አነቀ። ሦስተኛው ላይ ተኩላው ይቅርታ ጠየቀ።

የማደንዘዣ ሐኪሟ ዶክተር ዛሪፋ ሦስቱንም አስቀመጠቻቸው። የሻርሼንን ደም ግፊት ለካች፣ ደረቱን አዳመጠችና ብዕሯን አነሳች።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ የበሉት ነገር አለ?»

«ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም!»

ኑርዛዳ ቦርሳዋን ጨበጠች። ቦርሳው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ክብ ዳቦ አለ። ጠዋት በር ላይ አክስቷ ናት ያስነከሰችው፤ በልማዳቸው ወደሚያሰጋ ነገር የሚወጣ ሰው ዳቦ ነክሶ ይሄዳል፣ የተረፈውን በሰላም ቤቱ ተመልሶ እስኪጨርሰው ማንም አይነካውም። ሻርሼን ግን ነክሶ ብቻ አልተወም። «ደረቅ ነው» ብሎ ቅባት እያጠቀሰ ደጋገመው። ንክሻው የፈረስ ኮቴ ያክላል።

ቡሩል ጭኗን ቆነጠጠቻትና በጆሮዋ፣ «ዝም በይ! እሱ ምግብ ነው እንዴ? በረከት እኮ ነው» አለቻት።

«ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«እኔን? ዶክተር፣ ባለፈው ሳምንት ፈረሴ ደክሞት ተሸክሜው ነው ተራራ የወጣሁት!»

ቡሩል ሳቀች። ዶክተሯም ፈገግ አለችና መጻፍ ጀመረች።

ያኔ ነው ለኑርዛዳ አንድ ነገር የገባት። ድሮ አባቷ ወሬ የሚያወራው እራት ላይ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የሚያወራው ዳገት ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ወደ በረቱ ሲወጡ ነው። ይቆማል፣ የሆነ ነገር ይጨብጣል፣ ያወራል። ወሬው እስኪያልቅ ትንፋሹ ይመለሳል። ማታም ሦስት ትራስ ደርቦ ቁጭ እንዳለ ነው የሚተኛው፤ «ንጉሥ እንዲህ ነው የሚተኛ» እያለ። እሷ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስትስቅለት ኖራለች!

ንዴቱ እስከ ፀጉሯ ጫፍ ወጣ። ዳቦውን አወጣችና የተነከሰውን ጎን ወደ ዶክተሯ አዙራ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ዛሬ ጠዋት የበላው ይሄን ነው። ከነቅባቱ።»

«አንቺ ባለጌ! አባትሽን በሰው ፊት!» አለች ቡሩል።

«አዎ፣ በሰው ፊት! ለብቻውማ አይሰማኝም!» ወደ ሐኪሟ ዞረች። «ዶክተር፣ አንድ ፎቅ ወርዶ ይውጣ። አደራ ግን፣ ወሬ እንዳያወራ።»

ሻርሼን ሊስቅ ሞከረ። የሳቀለት የለም።

ወረደና መውጣት ጀመረ። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ቆመና አፉን ከፈተ። «ዝም ብለው ይውጡ» አለች ከኋላው ያለችው ዶክተር። ሲደርስ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ዶክተር ዛሪፋ ካልሲውን ዝቅ አድርጋ ያበጠውን ቁርጭምጭሚቱን በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ ቀረ። የጻፈችውን ሰረዘች።

«ዛሬ ኦፕራሲዮን የለም። ሆድዎ ሙሉ ሆኖ፣ ልብዎም እንዲህ ሆኖ አደንዝዤዎት ቢሆን...» ሐሳቡን አልጨረሰችውም። «መጀመሪያ ልብዎ ይታይ። አራተኛ ፎቅ ነው። ቀስ ብለው፣ እያረፉ።»

ቡሩል አኩርፋ እዚያው ቀረች። አባትና ልጅ ወጡ። መታጠፊያው ላይ ሻርሼን ብረቱን ጨበጠ፣ አፉን ከፈተ፣ ልጁን አየና መልሶ ዘጋው። ትንፋሹ ብቻ ተሰማ።

«ተናደድሽብኝ?»

«በጣም።»

«እሺ፣ በይ ዳቦውን አምጪ። አሁንማ ልጨርሰው፣ ራበኝ።»

ኑርዛዳ ዳቦውን በጨርቁ አጥብቃ ጠቀለለችና ቦርሳዋን ዘጋች።

«ገና አልተመለስክም» አለችው። ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ቆመች፤ ትንፋሹ እስኪመለስም ጠበቀችው።