በእኔ ስም የተፈረሙት አራት ፊርማዎች

እመኑኝ ብዬ አላስገድዳችሁም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሐሙስ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ክፍላችን ወገግ ብሏል። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር...

የማኔጅመንት አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግቢውን መልመድ አቅቶኝ ነበር። ሰው ፊት ተናገር ስባል ላብ ያጠምቀኛል። በመጀመሪያው ወር የቀረበኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የዶርም ጓደኛዬ። ከቁመቱ የተነሳ በር ስለማይበቃው ሎጋው እንለዋለን። ወንድሜ ነበር ብል አላጋነንኩም።

እናቴ ታመመችና ለሁለት ሳምንት ቤት ሄድኩ። የማርኬቲንግ መምህራችን ደግሞ ሦስት ጊዜ የቀረ ፈተና አይቀመጥም ብሏል። እኛ ግቢ የመገኘት ወረቀቱ ላይ ጓደኛ ለቀረ ጓደኛው ይፈርማል፤ ያልፈረመ የለም።

"ሎጋው፣ ፈርምልኝ እሺ?"

"እኔ እያለሁ? ሂድ እናትህን አስታም።"

ሐሙስ ከመናኸሪያ ቀጥታ ክፍል ገባሁና ጎኑ ተቀመጥኩ። ቀና ብሎ አላየኝም።

"እናቴ ተሻላት" አልኩት በሹክሹክታ።

ደብተሩን ገለጠ።

የፊርማው ወረቀት ከተማሪ ተማሪ እየዞረ መምህሩ ስም መጥራት ጀመረ። የእኔ ተራ ደረሰ። አፌን ከመክፈቴ...

"አቤት።"

ድምፁ የእኔ ነው። የመጣው ግን ከኋላ ነው።

ዞርኩ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ባዶ ወንበር አለ።

መምህሩ ወደ ባዶው ወንበር አይቶ ፈገግ አለ። "ማክሰኞ ያቀረብከው ግሩም ነበር" አለው።

ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ቲቸር... እሱ እኮ እኔ ነኝ።"

ክፍሉ ሳቀ። የቡድናችን መሪ፣ መነጽር የምታደርገው ልጅ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "ክፍል ተሳስቶ ነው መሰለኝ" አለች።

የፊርማውን ወረቀት ከእጇ ወሰድኩ። የቀረሁባቸው አራቱም ክፍለ ጊዜዎች ተፈርመዋል። ግን የሎጋው እጅ አይደለም። የራሴ ነው... መጨረሻ ላይ የምጎትታት ጭራ ሳትቀር። የዛሬውም ተፈርሟል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

"ሎጋው... ንገራቸው እንጂ።"

አንገቱን ደፋ። "በሄድክ በሁለተኛው ቀን መጣ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ልቀመጥለት አለኝ። አልጋህ ላይ ተኛ። ትተኸው የሄድከውን መታወቂያህን ጠየቀኝ... ሰጠሁት።"

"ማን?"

"እንዳንተ አይፈራም። ይጫወታል፣ ያስቃል... ይቅርታ። ለመድኩት።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። ከፍርሃቱ ይልቅ ያመመኝ "ለመድኩት" ማለቱ ነው።

መምህሩ በሩን አሳየኝ። ፈተናውም፣ ዓመቱም፣ ጓደኛዬም ከነስሜ እዚያ ውስጥ ቀሩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ዓይን ለዓይን ሊነግረኝ ይገባል ብዬ።

አራት ሰዓት ላይ ተማሪው ወጣ። ሎጋው መጨረሻ መጣ። አጠገቤ ደርሶ እንዳላየ ሆነ። በሩን ይዞ ቆመ፣ ከኋላው ያለ ሰው እስኪያልፍ...

ማንም አላለፈም።

ከዚያ ያንን ረጅም ክንዱን ዘርግቶ አየር ላይ ጣል አደረገው። ልክ በእኔ ትከሻ ቁመት።

እየሳቀ ደረጃውን ወረደ። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

ክንዱ ደረጃውን እስኪጨርስ ድረስ ዝቅ አላለም...