በእምቢባይ ጉሮሮ የታየው ተረከዝ

ካ ካ ካ ካ! ቆዩ... ቆዩኝ እስቲ፣ ሆዴን ቆረጠኝ! ሰው እንዴት ተረከዝ ይሳደባል? «ተረከዝህ ይሰንጠቅ!» አለው እኮ! ኧረ በማርያም! ይኼ ግን ገና ምኑም አይደለም። ደጉ ደጉ ነገር ከኋላ ነው ያለው። እሱ ጋ ስንደርስ ማን እንደሚስቅ አያለሁ።

ኩራዙን ዝቅ አድርጉትና ስሙኝ። «የላም በረት» የሚለኝ እንዳይኖር፤ ይኼ የላም አይደለም፣ የገደል ነው።

ሰዓቱ የቀን ስድስት ሰዓት ነበር። ምነው፣ ሌሊት መስሏችሁ ነው? መንፈስ ሌሊት ብቻ ነው ያላችሁ ማነው? ወደ እምቢባይ ተራራ የሚወጣ ሰው በዶሮ ጩኸት ነው የሚነሳው። ጫፉን ረግጦ ጉም ሳይመጣ ይወርዳል። ከቀትር በኋላ ተራራው የጉም ነው፣ የሰው አይደለም። መንገዱም መንገድ አይባልም። መጀመሪያ የጓሳ ሣር ነው፣ ከዚያ የአስታ ቁጥቋጦ ነው፣ ከዚያ ድንጋይ ነው፣ ከዚያ ገደል ነው። ዝንጀሮ እንኳ አስባ ነው የምትረግጠው። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት፣ አንድ ሰው ይወጣል። ስንት ሰው አልኩ? አንድ! ብቻውን! ቢምረው ይባላል።

ለምን ወጣ? ተናዶ ነዋ! እንዴት እንዳናደዱት ሳስበው የኔም ደም ይፈላል።

በዚያ አገር ወግ አለ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጎበዝ ይመረጥና እምቢባይ ጫፍ ድረስ ይወጣል። የከብቱን ምልክት ድንጋይ ላይ ይፍቅና እዚያ አናቱ ላይ አስቀምጦት ይወርዳል። ሲሄዱ ሁለት ሆነው ነው። ግን ጫፉ ሊደርስ ሲል ጉሮሮ የሚሉት ስንጥቅ አለ፤ ጠባብ ነው፣ ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም። ጓደኛው ከታች የታሰረበትን ጠፍር ይዞ ይቆማል። እሱስ ምን ያያል? ጉም! ስለዚህ ለአምናው ሰው የሚመሰክርለት የዘንድሮው ሰው ነው። «የእገሌን ድንጋይ አየሁት» ካለ እገሌ ደርሷል። «አላየሁም» ካለ እገሌ ውሸታም ነው። አለቀ!

አምና የወጣው ቢምረው ነበር። ደርሷል! ጥፍሩ ተነቅሎ፣ ጉልበቱ ተልጦ ደርሷል። ሁለት ጭረትና አንድ ክብ የተፋቀበት ጥቁር ድንጋዩን አስቀምጦ ወርዷል። ዘንድሮ ደግሞ ሽባባው የሚባል አፈ ጮሌ ወጣ። ወርዶ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሰዉ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ ሳለ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ቢምረው፣ ድንጋይህ እግር አውጥቶ ሄደ መሰለኝ።»

ሰዉ ሳቀ። ቢምረው አልሳቀም።

«የጠፋው ድንጋዬ ሳይሆን ዓይንህ ነው!» አለው።

«ዓይኔማ ዘጠኝ ድንጋይ ቆጥሮ መጣ። ያንተን ግን አላገኘም።»

ይኼ ብቻ ቢሆን እኮ ደህና ነበር። የቢምረው ልጅ ትብለጥ ልትዳር ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። የሙሽራው አያት በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በትሕትና፣ እዩልኝ እንግዲህ፣ በትሕትና ሰው ሲያርዱ፤

«እንግዲህ አቶ ቢምረው፣ ሠርጉን እንተወው። ከፍ ብሎ የዋሸ ዝቅ ብሎም ይዋሻል» አሉ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ብሆን ያን በትር ቀምቼ... ተዉት!

ቢምረው ቤቱ ገብቶ ጠፍሩን ትከሻው ላይ ጠመጠመ። ሚስቱ አስካለ በሩ ላይ ቆመችበት።

«አንተ ሰው፣ ነገ በዶሮ ጩኸት ከወንድሜ ጋር ትሄዳለህ። ዛሬ ረፍዷል።»

«ድንጋዬን አምጥቼ አፋቸው ላይ እወረውረዋለሁ!»

«ነገ ወርውረው።»

«ቁጣዬ እስከ ነገ አያድርም!»

ሄደ። ጓሳውን በቁጣ አለፈው። አስታውን እየጎተተ፣ ሥሩን እየነቀለ፣ በቁጣ አለፈው። ድንጋዩ ላይ በአራት እግሩ ወጣ። «ዘጠኝ ድንጋይ!» ይላል። አንድ እርምጃ ይወጣል፣ «ዘጠኝ!» ይላል። ወደ አስር ሰዓት ግድም ጉሮሮው ሥር ደረሰ። ጉሙም ደረሰ።

ጉሮሮው ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ? ጀርባህን በአንዱ ግድግዳ ታስደግፋለህ፣ እግርህን በሌላው ትገፋለህ፣ እንደ ትል ትሳባለህ። ከታች ምንም የለም። ጠፍሩን የሚይዝልህም የለም። ቢምረው እየተሳበ ግማሽ ደረሰ። ያኔ፣ ጠጠር... ቀጭ! አናቱ ላይ።

«ማነው?» አለ።

ትንሽ ተሳበ። አፈር ዓይኑ ውስጥ ፈሰሰ። ቀና ሲል ምን አየ? ተረከዝ! አንድ ተረከዝ። ከሱ በላይ አንድ ሰው እየወጣ ነው። ፈራ? የታባቱ ይፈራል! ቁጣ ለፍርሃት ቦታ አልሰጠችም።

«ሽባባው! አንተ ቀጣፊ! ድንጋዬን ወደ ገደል ልትጥል ነው የቀደምከኝ! ተረከዝህ ይሰንጠቅ!»

ተረከዙ ወደ ላይ ሄደ። ቢምረው ተከተለ።

«እንደ አይጥ ስንጥቅ ለስንጥቅ ትሄዳለህ!»

ተረከዙ ሄደ። ቢምረው ተከተለ። ያኔ ከላይ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ግራ እግርህን አትመነው፣ ይናዳል» አለው።

ቢምረው ግራ እግሩን ሲያነሳ የረገጠው ድንጋይ ተነቀለና ወረደ። ወረደ... ወረደ... መሬት ሲነካ አልተሰማም። አመሰገነ? ቢምረው ያመሰግናል?

«አንተን ማን ጠየቀህ!» አለው።

አሁን ግን ጉሙ ገለጥ ሲል ተረከዙን ከቅርብ አየው። የተሳለ ድንጋይ ይረግጣል፣ አይደማም። አመድማ ነው። በላዩ ላይም፣ ስሙኝማ፣ ገደል ላይ እንደምናየው ያለ የድንጋይ ሽበት በቅሎበታል። ሰው እግር ላይ የድንጋይ ሽበት እስኪበቅል ስንት ዓመት ይፈጃል?

ይኼኔ ሌላ ሰው ቢሆን ይወርዳል። ቢምረው ግን የልጁን ሠርግ አሰበ፣ የዚያን ሽማግሌ ትሕትና አሰበ፣ ጥርሱን ነክሶ ወጣ።

አናቱ ላይ ድንጋዮቹ ተደርድረዋል። አጠገባቸው አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ብርዱ ያንገበግባል፤ ቢምረው ሲተነፍስ ጭስ ይወጣዋል። ሰውዬው ግን ምንም አይወጣውም። ትከሻው የሽባባው ትከሻ አይደለም። ጭኑ ላይ ጥቁር ድንጋይ ታቅፏል፤ ሁለት ጭረትና አንድ ክብ ያለበት።

«ድንጋዬን ስጠኝ!»

«ዓመቱን ሙሉ ታቅፌው ከረምኩ» አለ ሰውዬው።

«ለምን ሰረቅኸኝ?»

«እንድትመጣ ነዋ። ሁለት ሆኖ የሚመጣ አይሰማኝም። የተናደደ ሰው ግን ብቻውን ይመጣል።»

ሰውዬው ቀጠለ፦

«እኔም ደርሻለሁ። ብቻዬን ወጥቼ፣ ስወርድ ጉሮሮው ላይ ቀረሁ። ደርሷል ያለልኝ የለም። ውረድና ንገርልኝ።»

በቃ፣ ይኼው ነው የለመነው! «እሺ» ቢለው ምን ነበረበት? አንዲት «እሺ»! እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ቀን ሙሉ «አላመኑኝም» እያለ ሲነድ የዋለ ሰው፣ ሌላው ያልታመነ ሲለምነው ምን አለው?

«የራሴን ስም ማዳን አቅቶኛል፣ ያንተን ልሸከምልህ? ሂድና ራስህ ንገራቸው!»

«በማን ስም? የኔ ጠፍቶኛል።»

«በፈለግኸው! ከፈለግህ በኔ ስም ንገራቸው! እኔ በስሜ ምን ተጠቀምኩ!»

ሰውዬው ተነሳ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በጉሙ ውስጥ አንድ ድንጋይ ቢምረው እጅ ላይ አኖረለትና በጉሮሮው ወረደ። ሲወርድ አንዲት ጠጠር አልተንቀሳቀሰችም።

ቢምረው ድንጋዩን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ወረደ። ጠፍሩን ድንጋይ ላይ አስሮ፣ እየተንጠለጠለ፣ እየተንከባለለ ወረደ። ጓሳው ጋ ሲደርስ ጨልሟል። መንደሩ አፋፍ ላይ ሲደርስ ምን ሰማ? እልልታ! ከገዛ ቤቱ እልልታ ይሰማል። የሙሽራው አያት ሳቅ ይሰማል። የሽባባውም ድምፅ፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» ሲል ይሰማል። ሠርጉ ተመልሷል! ቢምረው ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ማን ነገራቸው ብሎ አልጠየቀም።

በሩ ጋ ቆሞ ድንጋዩን አወጣ። በአውራ ጣቱ ጭረቱን ፈለገ። የለም። ክቡን ፈለገ። የለም። ድንጋዩ ዝናብ ሲልሰው እንደኖረ ልሙጥ ነው።

ልጆቼ፣ ገደል ብቻችሁን አትውጡ። ተቆጥታችሁ ደግሞ ጭራሽ አትውጡ። ቢምረው በሩን መታ። አንዴ መታ። ሁለቴ መታ።

«አስካለ! ክፈችልኝ፣ ቢምረው ነኝ!»

ቤቱ ውስጥ እልልታው ቆመ። ከዚያ አስካለ፣ በሩን ሳትከፍት፣ ከውስጥ ሆና እንዲህ አለችው፦

«ሂድ ወዲያ! ቢምረው ድንጋዩን ይዞ በጊዜ ገብቷል፣ እራቱን እየበላ ነው። አንተ ማነህ?»