«ጠላሁህ» አለችው

ታኦ ቪንን ያወቀችው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ በአክስቷ ሾርባ ቤት ስታስተናግድ ትኩስ ሾርባ ጫማው ላይ ደፍታበት ነው። ደንግጣ ልትጠርግለት ስትጎነበስ፣

«ተይው፣ ርቦት ነበር» አላት።

ሳቋ አመለጣት። አፍራም «ጠላሁህ» አለችው።

በቬትናሞች ዘንድ ሴት ልጅ ተሽኮርምማ «ጠላሁህ» ካለች ወድጄሃለሁ ማለቷ ነው፤ ነገሩ አልቋል። ቪንም ብዙ ሳይቆይ እናቱን አስከትሎ ለጋብቻ ሊጠይቃት መጣ፤ ተጋብተውም ሴት ልጅ ወለዱ።

ለሕፃንም ያው ቃል ነው። የተሞገሰ ልጅ ክፉ መንፈስ ይወስደዋል ተብሎ ስለሚፈራ፣ አራስ ጠያቂው ሁሉ «ይቺ አስቀያሚ፣ ስታስጠላ!» እያለ ልጃቸውን ይስማት ነበር።

ታኦ ግን ከወለደች ወዲህ ውስጧ ባዶ ሆነ። የልጇ ለቅሶ ከጎረቤት የሚመጣ ይመስላታል። አንድ ቀን እንደ ምንም ተናገረች።

«እማማ... ይቺን ልጅ ጠላኋት።»

አማቷ ወይዘሮ ኙንግ የአራስ ሾርባዋን እያማሰሉ ተንከተከቱ። «እሰይ፣ እንደሱ በያት! ቪንን ያሳደግኩት እንዲያ እያልኩ ነው።»

ለቪንም ነገረችው። «የእውነቴን ነው። ጠላኋት።»

ግንባሯን ሳማት። «እኔንም እንዲሁ ብለሽ አይደል ያገባሽኝ?»

ሌላ ቃል ከየት ታምጣ? የነበራትን አንድ ቃል በሳቅ ወሰዱባት።

አንድ ጠዋት ቪን ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል፣ ልጅቷን አጥባ፣ አልብሳ፣ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ስታምር እያት። ጤነኛ ናት፣ ቆንጆ ናት። ማንም ቢያሳድጋት ይወዳታል።»

ቪን ክው አለ። እናት የገዛ ልጇን እንዲህ አታሞግስም። ይህ የስንብት ንግግር ነው።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«እንጃ... ብቻ መኖር ደከመኝ።»

ወይዘሮ ኙንግ «ኧረ አታሞግሷት!» እያሉ ከጓዳ ወጡ።

«እማዬ፣ ያዢልኝ» አለ ቪን፣ ልጅቷን እያቀበላቸው። «ታኦ ታማለች። ስትነግረን ሳቅንባት።»

ወይዘሮዋ ማማሰያቸውን ጥለው ልጅቷን ተቀበሉ።

ያንኑ ዕለት ቪን ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሟ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት መሆኑን፣ እንደሚድን፣ ግን ጊዜ እንደሚወስድ ነገረቻቸው። መዳኑን ታኦ አላመነችም። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

«ጠላሁህ» አለችው።

ቪን አልሳቀም። መኪናውን ዳር ይዞ አቆመ።

«የትኛውን ጠላሁህ ነው?»

«እኔም አላውቅም።»

«እሺ» አላት፣ እጇን ይዞ። «እስክታውቂው ከጎንሽ ነኝ።»