የሚራመድ ጥርስ

ፕላስቲኩ አልገባ አለ። ሚጡ በሁለት አውራ ጣቶቿ ወደ ላይ ገፋችው፤ በቀኝ በኩል እሺ ብሎ ገባ፣ በግራ በኩል የፊት ጥርሷ ላይ ሲደርስ ግን ወይ ፍንክች! አውጥታ አጠበችው፣ አገላብጣ አየችው፣ እንደገና ሞከረች። ያው ነው። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት አፏን ከፍታ እንደቆመች ላብ ላብ አላት።

ነገሩ ሪቴይነር ይባላል። በሽቦ ታስሮ የተስተካከለ ጥርስ ወደ ድሮ ቦታው እንዳይመለስ የሚይዝ፣ ከጥርሱ ጋር ልክክ ብሎ የሚገጥም፣ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ስስ ፕላስቲክ ነው። ሚጡ ውጭ አገር አክስቷ ዘንድ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ጥርሷን ስታሳክም ኖራ፣ ሽቦው የተፈታላት ቀን ሐኪሟ ይህንኑ ከነሳጥኑ አስረክባታለች። «ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ስትበይና ጥርስሽን ስትቦርሺ ብቻ ነው የምታወልቂው» ብላታለች። አክስቷ ደግሞ ከሐኪሟ ብሳ፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ድረስ ጣቷን እያወዛወዘች ደጋግማዋለች። አልሰማሁም ማለት አይቻልም።

ሰማች እንጂ። ለሁለት ወር ያህልም እንደ ወታደር ታዛዥ ነበረች። ጣጣው የመጣው በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የጠዋት ማስታወቂያ አንባቢ ሆና ስትመረጥ ነው። ሪቴይነሩ አፍ ውስጥ እያለ «ሰ» የሚባል ነገር አልወጣ ይላል። በመጀመሪያው ቀን «የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ሐሙስ ከሰዓት» የምትለዋን አንዲት መስመር ስታነብ ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። አብራት የምታነበው ጓደኛዋማ «ምላስሽን ንብ ነደፈው እንዴ?» ብላ ማይክሮፎኑ ላይ ተደፋች። በማግስቱ ሚጡ ለማንበቢያው አምስት ደቂቃ ብቻ አወለቀችው። ከዚያ እስከ ዕረፍት ሰዓት። ከዚያ «ማታ አደርገዋለሁ» አለች፤ ማታ ደግሞ ድካም አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ሦስት ቀን ሞላ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ሰንጠረዡ ነበር። ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ሪቴይነሩን ያደረገችበት ቀን ሁሉ የ«ራይት» ምልክት ይደረግበታል። እናቷ ዓርብ ዓርብ ፎቶ አንስታ ለእህቷ ትልካለች፣ አክስትየውም ለሐኪሟ ታሳያለች። ሚጡ ዓይኗን በጨው አጥባ ሃያ ሦስቱንም ቀን «ራይት» አድርጋበታለች። አንዳንዱን እንደውም በቀይ እስክሪብቶ።

«ሚጡዬ፣ መታጠቢያ ቤቱን ተከራየሽው እንዴ?» አለች እናቷ ከበሩ ውጭ። «ቅዳሜም ቢሆን እኔ ሥራ ገቢ ነኝ እኮ!»

«እማ፣ ሪቴይነሩ አልገባ አለኝ።»

ይህ እውነት ነው፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት። ቀሪውን ምን ብላ እንደምትጨርሰው ገና እያሰበች ሳለ እናቷ በሩን ከፍታ ገባች፣ ፕላስቲኩን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወይኔ ጉዴ! እኔ ነኝ ያበላሸሁት!»

እናቷ የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃዎች በእንፋሎት በሚቀቀሉበት ክፍል ነው። ለዘጠኝ ዓመት መቀስና መቆንጠጫ ስትቀቅል ስለኖረች ቤት ውስጥም እጇ የገባ ነገር ሁሉ ፍል ውሃ ሳያይ አይቀርም፤ ማንኪያው፣ ማበጠሪያው፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር። ረቡዕ ዕለት ሪቴይነሩን ከሳጥኑ አውጥታ አጥባዋለች።

«ለብ ያለ መስሎኝ ነበር ውሃው» አለች። «ሞቆ ነው ማለት ነው። ፕላስቲክ ሙቀት እንደማይችል እያወቅሁ! እኔ! ከሰው ሁሉ እኔ!»

ሚጡ እውነቱን ልትነግራት ነበር።  ግን ቀስ ብላ «ይሆናል» አለች።

አንዲት ቃል ናት። እንደተናገረቻት ግን መልሳ ልትውጣት ፈለገች።

እናቷ የገንዳው ጠርዝ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «አሥራ ሦስተኛ ልደትሽን በስልክ፣ አሥራ አራተኛሽን በስልክ» አለች ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ። «ላቅፍሽ ሲያምረኝ ትራስ አቅፌ ያሳለፍኩት ለዚሁ ጥርስ ብዬ አልነበር? አሁን በገዛ እጄ ላበላሸው?» ሚጡ ምድር ብትውጣት በወደደች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ በስልክ አምጡት የተባሉትን ከሪቴይነሩ ጋር የመጣ ካርቶን ይዘው፣ ሁለቱም ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ጋሽ ጀሶ በር ላይ ቆመው ነበር።

ጋሽ ጀሶ ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪሞቹ ፎቅ ላይ ጥርስ ይነቅላሉ፣ እሱ ታች ቁጭ ብሎ ተተኪውን ይሠራል። ቅንድቡ ሳይቀር ሁልጊዜ በነጭ የጀሶ ዱቄት እንደተሸፈነ ስለሆነ እውነተኛ ስሙን ደመወዝ ከፋዮቹ ብቻ ናቸው የሚያስታውሱት። ክፍሉ ጠባብ ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፣ መደርደሪያው ሁሉ የጀሶ መንጋጋ ነው። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ጥርሱ የተሟላ፣ ሦስት ብቻ የቀረው፣ ጭራሽ ባዶ ድድ። ሚጡ ስትገባ አንድ ሺህ አፍ የሚስቅባት መሰላት።

«አልጠፋም፣ አልጠፋም» አለ የእናቷን ለቅሶ መሰል ትረካ እየሰማ። «ካርቶኑን አምጥተሻል? ጎሽ እህቴ። ነይ አንቺ ደግሞ፣ አፍሽን ክፈቺ። ሰፋ! ለእናትሽ ስትመልሺ እንደምትከፍቺው!»

አንድ የብረት መያዣ ላይ ሮዝ ሊጥ ሞልቶ አፏ ውስጥ ከተተው። ሊጡ የከረሜላ ጣዕም አለው፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጎማ ሆነ። ሲያወጣው የጥርሶቿ ጉድጓድ በሙሉ እዚያ ላይ ታትሟል። ጋሽ ጀሶ ነጭ ዱቄት በጎማ ሳህን ውስጥ በውሃ በጥብጦ ጉድጓዶቹ ላይ እያንቀጠቀጠ አፈሰሰበት። «አሁን መጠበቅ ነው» አለ።

የእናቷ ስልክ ጮኸ፤ ማሽኑ ሥራውን ጨርሷልና የሚያወጣለት ሰው ይፈለጋል። «መጣሁ፣ አሁን መጣሁ» እያለች እየተጣደፈች ወጣች። ሚጡና ጋሽ ጀሶ ብቻቸውን ቀሩ።

ካርቶኑን ከፈተው። የውጭ አገሯ ሐኪም ከሪቴይነሩ ጋር የላከችው ነው፤ ሚጡ አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም። ውስጡ ሁለት የጀሶ መንጋጋዎች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ጋሽ ጀሶ አንደኛውን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ይህቺን ታውቂያታለሽ?»

ሁለቱ የፊት ጥርሶች አንዱ ባንዱ ላይ ተሻግሮ ተቆላልፈዋል። አራተኛ ክፍል እያለች «መቀስ» ያስባሏት እነሱ ናቸው። ስታወራ እጇን አፏ ላይ የምታደርገው፣ ፎቶ ሲነሱ ከኋላ የምትቆመው፣ ሁሉም ነገር አንድ ጊዜ መጣባት።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ነሽ፣ አሥራ ሁለት ዓመትሽ። ይህቺ ደግሞ ሽቦው የተፈታ ቀን።» ሁለተኛውን አነሳ። ጥርሶቹ በሥርዓት ተሰልፈው ቆመዋል። ጋሽ ጀሶ የሚጡን ሪቴይነር አንስቶ እዚህኛው ላይ በጣቱ ጫን አደረገው።

ቀጭ!

ልክክ ብሎ ገባ። አወለቀው። እንደገና ጫን አደረገው። ቀጭ!

 «ፕላስቲኩ ደህና ነው» አለ፣ ሚጡን ሳያያት። «ሙቀት ያጣመመው ፕላስቲክ እዚህ ላይ እንዲህ አይገጥምም። የተቀየረው ሌላ ነው።»

የሚጡ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ቁጣ ጠበቀች። ጋሽ ጀሶ ግን ተነስቶ አዲሱን ጀሶ ከሮዙ ጎማ ውስጥ ፈልቅቆ አወጣና ሰጣት።

«ይሞቃል!» አለች ደንግጣ።

«ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል። ያዥው፣ አይናከስም።»

የዛሬ ጥርሷ መዳፏ ላይ ሆኖ እንደ እንቁላል ይሞቃል። ጋሽ ጀሶ ሦስቱን ጎን ለጎን ደረደራቸውና መብራቱን ዝቅ አድርጎ አመጣላት። መጀመሪያ ምንም አልታያትም። ከዚያ አየችው። የግራ የፊት ጥርሷ ትከሻዋን ትንሽ አዙራለች፤ የጥፍር ውፍረት ቢሆን ነው። የተዞረችው ግን ወደየትም አይደለም፤ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው መንጋጋ፣ ወደ አሮጌ ቦታዋ ነው።

«ማን ገፋት?»

«ማንም። በራሷ ነው የሄደችው።» ጋሽ ጀሶ ወንበሩን ሳበ። «ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር የተመታ ይመስልሻል፣ አይደል? ውሸት ነው። የተንጠለጠለ ነው። ከፀጉር የቀጠኑ እልፍ ክሮች ናቸው ከአጥንቱ ጋር አስረው የያዙት። ሽቦው ሲገፋት ከፊቷ ያለው አጥንት ይፈርስላታል፣ ከኋላዋ ደግሞ አዲስ ይሠራል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስትተኚ፣ ስትስቂ፣ ስትማሪ፣ አፍሽ ውስጥ ግንበኞች ሲያፈርሱና ሲገነቡ ነበር።»

«አጥንቴን?»

«አጥንትሽን። ክሮቹ ግን ግትር ናቸው። አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ ዓመት ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ድረስ ወደ ድሮው ይጎትታሉ።»

«አሁንም?»

«አሁን፣ እኔና አንቺ ስናወራ።»

ሚጡ እጇን ወደ ላይኛው ከንፈሯ ወሰደች። የምትነካው ጠንካራ፣ ዝም ያለ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ ግን ሳታዘው የሚሠራ፣ ሳታየው የሚያፈርስ፣ የድሮ ቦታውን የሚያውቅ ሕይወት አለ። ደነቃት፤ ትንሽም ፈራች፣ ግን ደስ የሚል ፍርሃት ነው። የገዛ አካሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቀችው መሰላት። ሲስቁባት የነበሩትን መደርደሪያዎች ቀና ብላ አየች፤ አሁን ሳቅ አይመስልም፣ እያንዳንዱ መንገድ ላይ ሳለ ለአፍታ ቁም የተባለ ሰው ነው።

«እነዚህ ሁሉ ይሄዳሉ?»

«ሁሉም። ይኸው እኔ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የታች ጥርሶቼ አሁንም እየተጋፉ ነው። ታክሲ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት» ብሎ ከንፈሩን ገልጦ አሳያት። ሚጡ ሳታስበው ሳቀች።

ጋሽ ጀሶ ግን ወዲያው ኮስተር አለ። «እንግዲህ ስሚኝ። ከፈለግሽ በዛሬው ጥርስሽ ልክ አዲስ እሠራልሻለሁ። ምንም ሳያምሽ ይገባል፤ ጥርሷም እንደዘመመች እዚያው ትቀራለች፣ ሰው ልብ አይለውም። አለዚያ ግን ይሄው አሮጌው አለ። ገና አልራቀችምና ሐኪምሽ ከፈቀደች ቀስ እያልሽ አስገብተሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ትችይዋለሽ፣ ሌት ተቀን። ያምሻል። ትመለሳለች ብዬ ግን አስባለሁ። ሐኪምሽ ልትፈርድ የምትችለው ግን ስንት ቀን እንደተወሽው በትክክል ካወቀች ነው።» ትንሽ ቆየና «ስንት ነው?» አላት።

«ሃያ ሦስት።»

ድምፅ አውጥታ ስትቆጥረው የመጀመሪያዋ ነው። ጋሽ ጀሶ ሰዓት እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ እርሳስ አንስቶ የሚሞቀው ጀሶ ግርጌ ላይ የዛሬውን ቀን ጻፈ። 

በሩ ተከፈተና እናቷ ገባች። ፊቷ በእንፋሎት ወዝቷል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ስልኳ እጇ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ በቃ አዲስ ይሠራላት» አለች። «እህቴ ጋ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፣ አንድም ቀን አላጎደለችም፣ ወረቀቱም ምስክር ነው ብያታለሁ። ሐኪሟንም ይቅርታ ጠይቂልኝ ብያታለሁ።» ወደ ሚጡ ዞረች። «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።»

ሚጡ ጋሽ ጀሶን አየችው። እሱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቧንቧውን ከፍቶ የጎማ ሳህኑን ማጠብ ጀምሯል፤ አስተጣጠቡ ሳህኑ ከቆሸሸው በላይ ይረዝማል። አዲስ ይሠራ ብትል ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ያልቃል። ፕላስቲኩ ይገባል፣ አክስቷ ታዝናለች፣ ሐኪሟ ይቅር ትላለች። እናቷም ፍል ውሃ ባየች ቁጥር ይህንን ታስታውሳለች።

«እማ፣ ቁጭ በይ።»

«ምነው? ማሽኑ ላይ ሌላ ዕቃ ጥጄ ነው የመጣሁት...»

«ትንሽ ብቻ። ከዚያ ለአክስቴ መልሰሽ ደውይልኝ፣ እኔ ነኝ የማናግራት።»  «ውሃው አይደለም።»

እናቷ ፕላስቲኩን አየች፣ ልጇን አየች። ከዚያ በርጩማውን ስባ፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ሚጡም ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምራ ነገረቻት።