ሠላሳ ሁለተኛው እጥፍ

«መልሺው እስቲ» አለች ሙጫ። «መጨረሻ ላይ ያለውን።»

ሬዲዮ የሚሏት ጓደኛዋ የስልኳን መስታወት በእጅጌዋ ጠረገችና የፊልሙን ማስታወቂያ ከመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ላይ አስጀመረችው። የእረፍት ሰዓት ነው። ክፍል ውስጥ የቀሩት ሰባት ስምንት ተማሪዎች በአንዲት ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ሰፊ ወንዝ፣ ጭጋግ፣ ውሃው ዳር የቆመ አንድ ጎልማሳ። ከዚያ ከማዶ ያለች ትንሽ መስኮት። አንዲት ሴት ፋኖስ ታበራለች፤ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ፊልሙ የሚወጣበት ቀን በነጭ ፊደል ይመጣል።

«ተሳስተዋል» አለች ሙጫ። «ይቺ እናቱ አይደለችም፤ ጎረቤቷ ዓሣ ሻጯ ናት። ፋኖሱን የምታበራው እናቱ ናት።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። አንዱ፣ ዳይሬክተሩ ስድስት ዓመት የለፋበትን ፊልም ሙጫ በእረፍት ሰዓት ልታርምለት ነው አለ። ሬዲዮ ግን አልሳቀችም። ስልኩን ዝቅ አድርጋ አየቻት።

«መጨረሻ ላይ እኮ የምታበራው ዓሣ ሻጯ ናት። ምዕራፍ ሠላሳ አንድ ላይ።»

ሙጫ ፊልሙ የተወሰደበትን መጽሐፍ ሰባት ጊዜ አንብባዋለች። የሚያልቀው ሠላሳኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ ልጁ ከዓመታት ጉዞ በኋላ ወንዙ ዳር ደርሶ የእናቱን ፋኖስ ሲያይና ጀልባ ሲጣራ። ሠላሳ አንደኛ ምዕራፍ የሚባል ነገር አታውቅም። ሁሉም ያዩዋታል።

«አዎ» አለች። «ረስቼው ነው።»

ዳይሬክተሩ በስንት ዓመት አንዴ ብቅ የሚል፣ ብቅ ሲል ግን ሌላ ወሬ የማያስወራ ሰው ነው። ለዚህኛው ፊልም ወንዙን ራሱን አስቆፍሯል፣ መንደሩን በሙሉ አስገንብቶ በጎርፍ አስጠርጎታል እየተባለ በየቀኑ አዲስ ነገር ይሰማል። ልቦለዱ ከውፍረቱ የተነሳ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሙ «ጡቡ» ነው። ያነበበውም ያላነበበውም ስለ ጡቡ ያወራል። የሰሌዳው ጥግ ላይ የቀሩት ቀናት ይጻፋሉ፤ በየጠዋቱ ቀድሞ የገባ ቁጥሩን አጥፍቶ አንድ ይቀንሳል። ዛሬ ዘጠኝ ይላል። ፊልሙ የሚወጣበት ቅዳሜ ክፍሉ በሙሉ አብሮ ሊያይ ነው። የቋንቋ መምህሩ ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው አርብ አንድ ሰው ስለ መጽሐፉ እንዲናገር ፈልገው፣ ማንንም ሳያማክሩ ወደ ሙጫ አመልክተው ነበር። ሙጫ የሚለውን ስም ያወጡላት ጣቶቿ ላይ ሁልጊዜ የደረቀ ሙጫ ስለማይጠፋ ነው። የመጽሐፍ ጠራዥ ልጅ ናት። ሰው ፊት መናገር ያስፈራታል፤ ስለ ጡቡ ሲሆን ግን እሺ ብላለች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሬዲዮ እንደ ወትሮዋ ያለ ማቋረጥ አወራች። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አለች፤ ሬዲዮ ዝም ስትል ያስደነግጣል።

«አላነበብሽውም አይደል?» አለች በመጨረሻ። «የናንተ ቅጂ ጎዶሎ ይሆናላ። የጠራዥ ልጅ ሆነሽ! ልንገርሽ? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አርብ ዕለት እዚያ ቆመሽ ከምታፍሪ።»

«አትንገሪኝ።»

«እሺ፣ አዲሱን ቅጂዬን ላውስሽ?»

«አነበብኩት አልኩሽ እኮ» አለች ሙጫ፤ እርምጃዋንም አፈጠነች።

ያናደዳት የሬዲዮ ቀልድ አልነበረም። ያን መጽሐፍ የጠረዙት የእናቷ እጆች ናቸው። እናቷ ደግሞ ስትሰፋ አንድ እጥፍ ወረቀት እንኳ አትጥልም ነበር። በዕድሜዋ አንድም ጥላ አታውቅም።

ጥረዛ ቤቱ ከመኖሪያቸው ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ናት። አንድ ትልቅ የመጽሐፍ መጫኛ ብረት፣ አንድ መስፊያ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ። አባቷ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ክር በሰም እያሸ ነበር። የፊልሙ ወሬ ከመጣ ወዲህ ሰዎች ከየሣጥናቸው ያረጀ ጡብ እያወጡ ያመጣሉ፤ አሁን አሥራ አንድ ቅጂ ተደርድሯል። አባቷ በዚህ ሲቀልድ፣ ዳይሬክተሩን ባገኘው ሙጫ ስለጨረሰብኝ እከሰዋለሁ ይላል። እሱ ራሱ ልቦለድ አያነብም። «እኔ የመጽሐፍ ጀርባ እንጂ ሆድ አላውቅም» ነው የሚለው።

በቤቱ አንድ ደንብ አለ። መጽሐፍ የሚሠራው ከእጥፍ ነው፤ አራት ወረቀት አንድ ላይ ታጥፎ ስምንት ቅጠል ያለው አንድ እጥፍ ይሆናል፣ አሥራ ስድስት ገጽ ማለት ነው። የሰው መጽሐፍ ሲመጣ ተፈትቶ እጥፉ ይቆጠራል፣ ይሰፋል፣ እንደገና ይቆጠራል። አይነበብም። የሰው መጽሐፍ የሰው ነው። ስለዚህ ሙጫ አሥራ አንዱን ጡቦች ስትቆጥር ሰንብታ አንዱንም አላነበበችም። ቁጥሩን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። ሠላሳ ሁለት።

የራሷን ቅጂ ቆጥራው አታውቅም። የእናት ሥራ ይቆጠራል እንዴ?

ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች፤ መጽሐፉን ከትራስጌዋ አንስታ የጀርባውን አናት ወደ ራሷ አዞረችና በአውራ ጣቷ ጥፍር እጥፎቹን አንድ በአንድ ነካች። ሠላሳ አንድ። እንደገና ቆጠረች። ሠላሳ አንድ።

የመጨረሻው ቅጠል ሁልጊዜ ወፍራም ነበር። ልጅ ሆና ለጥንካሬ ይመስላት ነበር። አሁን ወደ መስኮቱ አዙራ በብርሃን አየችው። ባዶ ይመስላት የነበረው ገጽ ባዶ አይደለም። ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከሥሩ መሐል ላይ ጎላ ያለ ጽሑፍ ይታያል። ምዕራፍ ሠላሳ አንድ።

ከዚያ መጽሐፉን ይዛ ወጣችና አባቷ ፊት አስቀመጠችው።

«ሠላሳ አንድ ነው» አለች።

አባቷ ክሩን መርፌ ውስጥ ሊከት አንድ ጊዜ ሞከረ፤ ሳተ። ሁለተኛም ሳተ። መርፌውን ሰሙ ላይ ሰክቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ቆጠርሽው» አለ።

ከዚያ ነገራት፤ ፊቷን ሳያይ፣ መስኮቱን እያየ። ያኔ ሙጫ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ያንን መጽሐፍ ገጹ ተቀዶ፣ ስፌቱ ተበጣጥሶ ነው ያገኘችው። ፈታችው፤ በቀን አንድ እጥፍ እየጠገነች ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታስነብባት ነበር። ይህን ሙጫም አትረሳውም። ጡቡን ያነበበችው እንደ ሰው በመጽሐፍ መልክ አይደለም፤ በቀን አሥራ ስድስት ገጽ፣ የእናቷ ሙጫ ገና ያልደረቀበት እጥፍ እየተቀበለች ነው።

«ሐኪሙ በሽታዋን የነገራት ሰሞን ነው» አለ አባቷ። «አንቺ ደግሞ ከበር ስትገቢ በየቀኑ አንድ ጥያቄ አለሽ። ልጁ ይደርስላታል ወይ ትያታለሽ። የመጨረሻውን እጥፍ ስትጠግን አነበበችው መሰለኝ። ከክምሩ አወጣችው።»

«አንተ ዝም አልክ?»

«የጠራዥ ነውር ነው አልኳት። የሰው እጥፍ መደበቅ ሙያ አይደለም አልኳት። አልጣልኩትም አለችኝ። ለጊዜው ልጁ ወንዙ ዳር ይቆይላት አለች።»

«እስከ መቼ?»

«ራሷ እስክትቆጥር።»

ሙጫ ጠረጴዛው ላይ የተንጠባጠበውን የደረቀ ሰም በጥፍሯ ፋቀችው። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል። በነዚያ ሁለት ዓመታት ይህን መጽሐፍ አራት ጊዜ አንብባለች፤ በየጊዜው ፋኖሱ ጋ ስትደርስ ከድና ደረቷ ላይ ታስተኛዋለች።

«ከዚያ በኋላ እንኳ ልትነግረኝ ትችል ነበር» አለች።

«እንዴት ብዬ?» አለ አባቷ። እውነተኛ ጥያቄ ነበር። መልስ የሚጠብቅ ይመስል አያት። «ፊልሙ ይመጣል ሲሉ ደነገጥኩ። እነዚያን አሥራ አንዱን ስትቆጥሪ፣ ዛሬ ነው ነገ ነው እያልኩ...» ተነስቶ ከመጫኛው ሥር ያለውን መሳቢያ ሳበና ከካርቶን ቁርጥራጭ በታች በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

አንድ እጥፍ ነው። ለመርፌ የሚሆኑት ቀዳዳዎች ተበስተዋል። ከታች ጥጉ ላይ በእርሳስ «32» ተብሎ ተጽፏል፤ የእናቷ አጻጻፍ ነው፣ የሦስቱ አናት ጠፍጣፋ። ሙጫ ወረቀቱ ውስጥ ሌላ ነገር ፈለገች፤ ደብዳቤ፣ አንድ ቃል። ምንም የለም። ቁጥሩ ብቻ።

ስልኳ ድምፅ አሰማ። ሬዲዮ ናት፦ «ተቆጣሽ እንዴ? ለማንም አልናገርም። ሬዲዮም እኮ ይጠፋል።»

ሙጫ ልትስቅ ነበር፤ አልመጣላትም። እጥፉን በሁለት እጇ ያዘችው። ፋኖሱን የምታበራው ዓሣ ሻጯ ከሆነች፣ እናትየው የት አለች? ሞኝ አይደለችም፤ ሬዲዮ ሳትነግራት፣ ከማስታወቂያው ግማሽ ደቂቃ ገብቷታል። እስካላነበበችው ድረስ ግን እናትየው መስኮቱ ጋ ነበረች። እጥፉን መልሳ ብትጠቀልለው፣ አርብ ዕለት አሞኛል ብትል፣ ቅዳሜም ብትቀር፣ ልጁ ወንዙ ዳር ቆሞ ይጣራል። ዕድሜ ልኩን ይጣራል።

አባቷ ሁሉንም ያወቀ ይመስል «መልሰን ልናስቀምጠው እንችላለን» አለ። «ማንም አያስገድድሽም።»

ሙጫ ጨለማ አዳራሽ ታያት። ግራ ቀኟ አርባ ተማሪ፣ ግማሹ ፈንዲሻ የሚያላምጥ፣ ፊት ለፊቷ ያ ግዙፍ ወንዝ።

«ከዳይሬክተሩ መስማት አልፈልግም» አለች። «መርፌውን ስጠኝ።»

አባቷ መርፌውን ከሰሙ ላይ ነቅሎ ሰጣት። የመጽሐፉን የኋላ ክዳን በስለት ጫፍ ከፈተው፤ የተለጠፈውን ወረቀት በእርጥብ ስፖንጅ ነካ ነካ አደረገው። በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ጠንካራው ሙጫ አይደለም፤ እናቷ ውሃ ሲነካው በሚለቀው በዱቄት ሙጫ ነበር የለጠፈችው። ከዚያ ጀርባውን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጥ ሲያደርግ እጁ ቆመ።

ጠራዥ ሰፍቶ ሲጨርስ ክሩን ይቋጥራል። ይህን የአምስት ዓመት ልጅ ሆና ነው የተማረችው። የዚህ መጽሐፍ ክር ግን አልተቋጠረም። ጫፉ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠምዝዞ፣ በጠብታ ሰም ተይዞ፣ ጨርቁ ሥር ተቀምጧል። ሲፈቱት ለአንድ እጥፍ የሚበቃ ርዝመት አለው።

«ይሄን አልነገረችኝም» አለ አባቷ። ዞር ብሎ ቀድሞ የተስተካከለውን መደርደሪያ ሲያስተካክል ቆየ።

ሙጫ የእናቷን ክር በመርፌው ቀዳዳ አስገባች። እጥፉን ከሌሎቹ ጋር አስተካከለች፣ ከፈተችው፣ ዓይኗን ከፊደሎቹ ላይ አንስታ ከቀዳዳዎቹ ላይ ብቻ አደረገች። ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ከበታቹ እጥፍ ጋር ያዝ፣ ሳብ፤ ብዙ ሳይሆን፣ ወረቀት እንዳይቀደድ። ክሩ አራት ዓመት ቆይቶም ሰሙ አልደረቀም። መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ስትደርስ የተረፋት አንድ ጣት ያህል ነበር። ለአፍታ ያዘችው። ከዚያ ቋጠረችና በመቀሱ ቆረጠችው።

ቁራጩን አልጣለችም። ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ለሬዲዮ ጻፈች፦ «አላነበብኩትም ነበር፤ ዋሸሁሽ። አርብ እናገራለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳትነግሪኝ።» ስልኩን አጥፍታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

አባቷ ሙጫ ሊያሞቅ ተነስቶ ነበር፤ ጀርባው መለጠፍ አለበት፣ ሌሎቹ አሥራ አንዱም ይጠብቃሉ።

«አባዬ፣ ተቀመጥ» አለችው።

«እኔ እኮ የመጽሐፍ ሆድ...» ብሎ ጀመረ፤ ቀልዱን ግን መሐል ላይ ተወው። የመስፊያውን በርጩማ ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። እጆቹ ባዶ ሲሆኑ የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም፤ ጉልበቶቹ ላይ አሳረፋቸው። ከውጭ አንድ ደንበኛ በሩን አንኳኳ። ሁለቱም አልተነሱም። ሰውዬው ትንሽ ጠብቆ ሄደ።

ሙጫ የረጠበውን ገጽ በጥንቃቄ ገለጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ምዕራፍ ሠላሳ አንድ» ብላ ጮክ ብላ አነበበች። ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ለአሥራ ስድስት ገጽ ይበቃል።