በመቀስ የተቆረጠ ስልክ ቁጥር

አዳማ አትክልት ተራ ውስጥ አብተውን የማያውቅ ሰው የለም። የቲማቲምና የሽንኩርት ጅምላ ነጋዴ ነው። ገበሬ ሳጥን ሙሉ ቲማቲም ሲያቀርብለት ከላይ ያለውን አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። እጁን እስከ ክንዱ ከትቶ ከሥር የተደበቀ የላሸቀ ካለ ይዳብሳል። ብር ሲቀበል ወደ ፀሐይ አቅንቶ ያየዋል። የጎረቤቱን ሚዛን ይጠረጥራል፤ አንዳንዴ የራሱንም ይጠረጥራል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ማለት ይወዳል፤ ይህን ሳይል የዋለበትን ቀን የሚያስታውስ የለም።

ለነጋዴ መጠርጠር ነውር አይደለም፤ እኔም አልነቅፈውም። የአብተው ጥርጣሬ ግን ገደብ አልነበረውም። ገደብ የሌለው ነገር ደግሞ ባለቤቱን ዞሮ መምታቱ አይቀርም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አጭበርባሪ የአብተውን ድምፅ አስመስሎ አቦምሳ አካባቢ ላለ ገበሬ ደወለ። "አብተው ነኝ፤ ቁጥር ቀይሬ ነው፤ መኪና ልኬያለሁ፤ ጫንለት" ብሎ ሠላሳ ሳጥን ሽንኩርት አስጭኖ እብስ አለ። አብተው በስሙ መነገዱ እንደ እሳት አንገበገበው። ደንበኞቹን በየቀያቸው እየዞረ አስጠነቀቀ።

"በእኔ ስም ከማታውቁት ቁጥር ከተደወለ አንድ ፍሬ እንዳትጭኑ! ድምፄን ብትሰሙ እንኳ አትመኑ። ስደቡትና ዝጉት!"

ይህን ትምህርት አጥብቆ የነገረው ለኦቦ መርዳሳ ነበር። ኦቦ መርዳሳ ከአቦምሳ ወጣ ብሎ ባለው መሬታቸው ቲማቲም የሚያለሙ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከአብተው ጋር ለአሥራ ሁለት ዓመት ያለ ወረቀት፣ በቃል ብቻ ሲገበያዩ ኖረዋል። ሽማግሌው ደግሞ የተነገራቸውን የሚይዙ ሰው ናቸው።

አሁን ወደ ስልኩ ነገር እንምጣ። አብተው ለስልክ በወር ከሁለት ሺህ ብር በላይ ያወጣ ነበር። ጥቅል አይገዛም፤ "ጥቅል ውስጥ ምን እንደተጠቀለለ ማን ያውቃል?" ይላል። ካርድ እየሞላ በደቂቃ ይከፍላል። ኦቦ መርዳሳ ደግሞ ሰላምታ አያሳጥሩም። "አካም ነጋ? መኒ ኬ ፈያዳ?" ብለው በኦሮምኛ የቤቱን ደህንነት መጠየቅ ከጀመሩ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱና ዝናቡ ሳይጠየቁ አይታለፉም። ወሬው ቲማቲሙ ጋ ሲደርስ የአብተው ሂሳብ ተሟጦ መስመሩ ይቋረጣል።

ሚስቱ ሉሊት ይህን እያየች አንጀቷ ሲያር ኖረ። አንድ ሐሙስ ቀን እጁን ይዛ ሰፈራቸው ካለች የስልክ ሱቅ ወሰደችው። የሱቋ ባለቤት ቢሊሴ በወር ስድስት መቶ ብር እስኪጠግቡ የሚያስወራ የሌላ መስመር ሲም ካርድ አሳየችው።

"ለምን ረከሰ?" አላት አብተው፣ ካርዱን እንደ ብር ኖት ወደ ብርሃን አቅንቶ።

"ደንበኛ ለመሳብ ነው፣ ጋሼ።"

"ከሳቡ በኋላስ?"

ቢሊሴ ሳቀች። "ዋጋ ከጨመሩ ይተዉታል። የሚያስርዎት የለም። ያልተጠቀሙበት ደቂቃ ወሩ ሲያልቅ ይጠፋል እንጂ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም። ቁጥርዎ ግን አዲስ ነው የሚሆነው። ስለዚህ አሮጌውን አያውጡት፤ ስልክዎ ሁለት ሲም ይይዛል። በአዲሱ ይደውሉ፣ በአሮጌው ይቀበሉ። ለሰዎችዎም በአሮጌው እየደወሉ አዲሱን ቁጥር ይንገሩ።"

ከዚህ የተሻለ ምክር ከየት ይመጣል? አብተው ግን ቤቱ እንደገባ መቀስ አንሥቶ አሮጌውን ሲም ካርድ ሁለት ቦታ ቆረጠው።

"አንተ ሰው! ምን ነካህ?" ብላ ጮኸች ሉሊት።

"ስልኩ ውስጥ ከተቀመጠ ብሬን መብላቱን አይተውም። ልጅቷ ሁለቱንም እንድከፍል ፈልጋ ነው።"

"ሳትደውልበት ምኑን ይበላል? ለገበሬዎቹስ ነግረሃል?"

"ቁጥር መቀየሬን ላስወራ? አጭበርባሪዎቹ ከሰሙ ነገ በስሜ መደወል ይጀምራሉ። ስደውል ያውቁታል።"

ሉሊት ራሷን ነቅንቃ ወደ ጓዳ ገባች። ከአብተው ጋር መከራከር ምን ያህል እንደሚያደክም የምታውቀው እሷ ናት።

ያን ሳምንት ከወትሮው የተለየ ጉዳይ ነበር። የኦቦ መርዳሳ ባለቤት እማማ ቡዜ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰው እጃቸውን ተይዘው ነበር የሚሄዱት። አዳማ መጥተው እንዲታከሙ ለረቡዕ ተቀጥረዋል። ኦቦ መርዳሳ አስቀድመው ለአብተው ነግረውታል፦ "ይኼ ቲማቲም የቡዜ ዓይን ነው። ሰማንያ ሳጥን ይወጣዋል። ዓርብ እለቅማለሁ፤ ቅዳሜ መኪና ላክ።" አብተው እሺ ብሎ ነበር፤ በልቡ ግን "ዋጋ ለማስጨመር የሚስቱን ዓይን አመጣብኝ" ሲል ጠረጠረ።

ዓርብ ማታ በአዲሱ ቁጥር ደወለ።

"ኦቦ መርዳሳ፣ አብተው ነኝ።"

"ማን?"

"አብተው ነኝ፣ ከአዳማ!"

"የአብተውን ቁጥር አውቃለሁ። ይኼ እሱ አይደለም።"

"ቁጥር ቀይሬ ነው፤ ይኼኛው ይረክሳል። ነገ መኪና እልካለሁ። ሾፌሩ አዲስ ነው፣ ይትባረክ ይባላል። ሰማንያውንም ይጫኑለት፤ ገንዘቡን ሰኞ አስገባለሁ።"

እስቲ ፍረዱ። አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ሾፌር፣ ነገ ጫን፣ ገንዘቡ ሰኞ! ሌባ ቢሆን ከዚህ የተለየ ምን ይል ነበር? የድሮውን ሾፌር ያሰናበተው እንኳ "ዋጋዬን ለሰው ይነግራል" ብሎ ጠርጥሮ ነው።

"ሌባ!" አሉ ኦቦ መርዳሳ። "ያኔም እንዲህ ነው ያላችሁት። የሰው ድምፅ እንኳ ትሰርቃላችሁ? ፈጣሪ ይይልህ!" ስልኩ ተዘጋ። አብተው ደጋግሞ ደወለ፤ የሚያነሣ አልተገኘም።

ቅዳሜ አይሱዙው ባዶውን ተመለሰ። ይትባረክ እንደነገረው ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። "አብተው ራሱ በቁጥሩ ካልደወለልኝ አንድ ፍሬ አይነካም" ብለውታል።

የአብተው ጥርጣሬ አሁን አቅጣጫውን ቀየረ። "አሥራ ሁለት ዓመት የሰማውን ድምፅ እንዴት አያውቀውም? ሰበብ ነው! ለካሚል ሸጦታል።" ካሚል እዚያው ተራ የሚነግድ ተፎካካሪው ነው።

"ራስህ ያስተማርከውን ነው ያደረጉት" አለችው ሉሊት። "ሂድና በዓይንህ አናግራቸው። ቲማቲም ሰው አይጠብቅም።"

"ከድቶኝ እኔው ሄጄ ልለምነው?"

እሑድን ሲብሰለሰል ዋለ። ሰኞ ጠዋት ተራው ሲደርስ የካሚል መደብ በቀይ ቲማቲም ተሞልቷል።

"ከየት ነው?" አለው አብተው፣ ድምፁን እንደምንም አለሳልሶ።

"ከወደ አቦምሳ" አለ ካሚል፣ ቀና ሳይል።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አብተው ሱቁን ዘግቶ ሚኒባስ ላይ ወጣ። ደራ ከተማን እስኪያልፍ ስድብ ሲመርጥ፣ አቦምሳ እስኪደርስ የመረጠውን ሲያጠና ሄደ።

ግቢው ሲደርስ መጀመሪያ የተቀበለው ሽታው ነው። ሰማንያው ሳጥን በሙሉ ግራሩ ሥር ተደርድሯል። የላሸቀው ቲማቲም ጭማቂ በሳንቃው መሀል ወርዶ አፈሩን አርሶታል፤ ዝንብ ወሮታል። የተሸጠ አንድ ሳጥን አልነበረም።

"ቤቶች!" አለ አብተው፤ ድምፁ ሰለለ።

"አብተው ነው" አሉ እማማ ቡዜ በር ላይ እንደተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው። "መርዳሳ፣ ና! አብተው መጣ!"

ኦቦ መርዳሳ ከጓሮ እየተጣደፉ መጡ። አብተው ስድቡን ከማውጣቱ በፊት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ትከሻውን ሳሙት።

"አለህ? ደህና ነህ? ሃያ ጊዜ ደወልኩልህ! 'የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም' ትለኛለች። ታመመ ወይስ መኪና ተገለበጠበት ብዬ እንቅልፍ የለኝም። በዚያ ላይ አንድ ሌባ ድምፅህን ሰርቆ ደወለ። አይዞህ፣ ባዶውን መልሼዋለሁ!"

"ኦቦ መርዳሳ... የደወልኩት እኔ ነበርኩ" አለ አብተው።

እማማ ቡዜ ናቸው ቀድመው የተናገሩት። "እኔ ብዬ ነበር፤ ድምፁ የሱ ነው ብዬ ነበር። አንዴ ልጠይቀው ስለው እንቢ አለ።"

"ግን ሲበላሽ እያዩ ለምን ለሌላ አልሸጡም?" አለ አብተው።

"ካሚል ቅዳሜ መጥቶ ነበር። ካንተ በሳጥን መቶ ብር ጨምሬ ልግዛ አለኝ። 'የአብተው ነው፤ ቃል አለን፤ ይመጣል' አልኩት። ከጎረቤቴ ገዝቶ ሄደ።"

አብተው እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። መንገዱን ሙሉ ያጠናውን ስድብ ዋጠው። እሱ "ከዳኝ" ሲል፣ እኚህ ሰው የሚስታቸውን መታከሚያ ዝንብ እየበላው እሱን ሲጠብቁ ሰንብተዋል። አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

"ሌባ እንድጠረጥር አንተ አስተማርከኝ" አሉ ኦቦ መርዳሳ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው። "አንተን ማመን ግን ማንም አላስተማረኝም።"

ከሰማንያው ሳጥን የተረፈው አሥራ አራት ነው። አብተው ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ተናግሮ የሁሉንም ዋጋ ልክፈል አለ። ሽማግሌው ግማሹን ብቻ ተቀበሉ። "እኔም ከመስደቤ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። የልጅህን ስም፣ አምና የመጣህበትን ቀን... ሌባ ይህን ከየት ያውቃል?" አሉ። ረቡዕ ዕለት አብተው ራሱ መኪና ይዞ ሄዶ እማማ ቡዜን አዳማ አምጥቶ አሳከመ፤ የጎደለውንም ሽማግሌው ሳያውቁ ከፈለ።

አሮጌው ቁጥርም ጠፍቶ አልቀረም። ማክሰኞ መታወቂያውን ይዞ የአሮጌው መስመር ቢሮ ሄዶ ምትክ ሲም ካርድ ሲያወጣ ሠራተኛዋ ከአምስት ደቂቃ በላይ አላቆየችውም። ይህን ቅዳሜ ጠዋት አድርጎት ቢሆን ኖሮ አንድ ሳጥን እንኳ ባልተበላሸ ነበር። ርካሹን መስመር አልተወውም፤ ዛሬም የሚደውለው በእሱ ነው። ሰላምታው የፈለገውን ያህል ቢረዝም አይቆጣም።

ወገኖቼ፣ ለስልክ የምታወጡትን ወጪ መቀነስ ብልህነት ነው፤ ርካሽ ካገኛችሁ ያዙ። አጭበርባሪ በበዛበት ዘመን ከማታውቁት ቁጥር ሲደወልላችሁ መጠርጠርም ተገቢ ነው። ጠርጥራችሁ ግን በዚያው አትቅሩ፤ ጠይቁ፣ አጣሩ፣ ካስፈለገም ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቁጥራችሁን ስትቀይሩ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጥሪያችሁን እየጠበቀ፣ በእናንተ ቃል ተማምኖ ሌላውን ገዢ ሁሉ የሚመልስ ሰው ይኖራል።