ከጆሮው ያልወለቀው ኤርፎን

ጎህ ሲቀድ የኢንስፔክተር ሰኢዳ ስልክ ጮኸ። «ባቡር ሰው ገጭቷል» አላት ተረኛው ፖሊስ።

ከአዋሽ ወጣ ብሎ ሐዲዱ አጠገብ ስትደርስ ሟቹ ጠጠሩ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ወደ ወደቡ በሚወስደው በገላፊ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው ኃይለ ልዑል ነበር። የጭንቅላቱ ጀርባ ተፈንክቷል። አንድ ጫማው ወልቆ ራቅ ካለ እሾህ ሥር ወድቋል። በሁለቱም ጆሮዎቹ ነጫጭ ገመድ አልባ ኤርፎኖች ተሰክተዋል፤ በሸሚዙ ኪስ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥቁር ኤምፒስሪ፣ ዘፈን ማጫወቻ፣ አለች።

«ሙዚቃው ነው የገደለው» አለ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ። «ጆሮውን በዚህ ደፍኖ የባቡር ጡሩምባ ከየት ይሰማል?»

ሰኢዳ ቁጢጥ ብላ ጫማውን አየች፤ ጆሮዎቹን አየች፤ እንደገና ወደ ጫማው ዞረች። ከዚያ የኤምፒስሪዋን ቁልፍ ተጫነች። ዘፈን ተጀመረ፤ የተሰማው ግን ከኤርፎኖቹ ሳይሆን ከራሷ ከኤምፒስሪዋ ሆድ ነበር። የአፋር ሴቶች የሠርግ ዘፈን ነው። ሰኢዳ አፋር ናትና ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች። ቀጣዩም አፋርኛ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትም አፋርኛ።

ሟቹ አልጋ ይዞ የነበረው ሹፌሮች በሚያዘወትሩት በኩኩ ፔንሲዮን ነበር። ኩኩ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ በሩ ላይ ተቀበለቻት።

«ትናንት ማን ጋር ነበር?»

«ክፍሉ ውስጥ ሰው ነበር፣ ኢንስፔክተር። ማን እንደሆነ ግን አላየሁም። ኃይሌ ብቻ ነው ‹ዝም አልልም! ነግሬሃለሁ፣ ዝም አልልም!› ሲል የሰማሁት። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።»

ተለዋጭ ሹፌሩ ራጉኤል የቁልፍ ስልኩን በእጁ እያሻሸ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ጓደኛህ አፋርኛ ይችል ነበር?» አለችው።

«የት አባቱ ችሎ! ሰላምታው እንኳ ያደናግረው ነበር።»

«ታዲያ ይቺን ኤምፒስሪ ከየት አመጣት?»

«ሰመራ፣ ከከድጃ ሱቅ ነው የገዛት፤ ስንመለስ።»

«ትናንት የተጣላው ካንተ ጋር ነው?»

ራጉኤል ስልኩን ማሻሸቱን ተወ። «አይደለም። እኔ… ወባ ይዞኝ ተኝቼ ነበር።» ዓይኑ ግን ሰኢዳን አልፎ፣ ከኋላዋ ወደ ቆመው ሰው ሄደ።

የቆመው አብዮት ነው፤ መኪኖቹን የሚያሰማራው የስምሪት ኃላፊ። ቁመናው ያማረ፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ነው።

«ያሳዝናል» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ሙዚቃ ሱሱ ነበር። ትናንት አመሻሹ ላይ ኤርፎኑን ሰክቶ ወደ ሐዲዱ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ይህን እያለ ስልኩ ጮኸ። ጣቱ ወደ ጆሮው ሄደ፣ ባዶ ጆሮውን ነካ፣ ተመለሰ። ከዚያ ነው ስልኩን ከኪሱ ያወጣው። ሰኢዳ ወደ መስኮቱ ዞር አለች፤ ያየችውን በፊቷ ላይ እንዳያይባት።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከቀትር በፊት ደወለላት። «ባቡር አልነካውም። ከራስ ቅሉ በቀር የተሰበረ አጥንት የለውም። ከኋላው በብረት ነው የተመታው።»

ሰኢዳ ሰመራ ስትገባ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ይተናል። ከድጃ ኤምፒስሪዋን ገና ስታያት ፈገግ አለች፤ የሰውዬውን መሞት ስትሰማ ግን ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«ኢና ሊላሂ… እንደሱ ተጨንቆ ዕቃ የመረጠ ሰው አላየሁም» አለች። «መጀመሪያ ቆንጆዋን፣ በጣት የምትነካዋን አሳየሁት። ‹ዓይኗ ታሽጓል፣ መስታወት ምን ያደርግላታል? በዳሰሳ የሚገኝ ቁልፍ ያለው ስጪኝ› አለኝ። ብሉቱዝ ያለውንም አቀረብኩለት፤ ‹ባትሪ ይበላል፤ አልጋዋ አጠገብ ሶኬት የለም› ብሎ መለሰው። ከእናቷ ጋር እንድትሰማ ድምፅ ማውጫ ያለውን ፈለገ። ዘፈኖቹን እኔው ነኝ የጫንኩለት፤ ‹የአፋር ልጅ የምትወደውን አንቺ ታውቂያለሽ› ብሎኝ።»

«ማን ናት እሷ?»

«ሆስፒታል የተኛች ልጅ ናት። የዚያን ቀን የመጠየቂያው ሰዓት አልፎበት ነበር፤ መኪናው ደግሞ ወደ አዋሽ ሊወርድ ነው። ‹ስመለስ ይዤላት እገባለሁ፤ ጥፋተኛውንም ይዤ› ብሎኝ ሄደ።»

ሰኢዳ ከሱቁ ቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። ሞሚና የምትባል ልጅ እግሯ በጄሶ፣ ዓይኖቿ በፋሻ ታሽገው ተኝታለች። አባቷ አብዱሰላም ከአልጋዋ ሥር ተቀምጠው ነበር። እሳቸውን ካናገረች በኋላ አብረዋት ወደ አዋሽ እንዲወርዱ ለመነቻቸው።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉም በኩኩ ምግብ ቤት ተሰበሰቡ። ሰኢዳ ስልኮቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ኃይለ ልዑልን ባቡር አልገደለውም» አለች። «ጫማ አስወልቆ የሚወረውር ምት ጆሮ ላይ የተንጠለጠለ ኤርፎን አይተውም። ጫማውን ያወለቀ እጅ አለ፤ ኤርፎኑንም የሰካ እጅ አለ። ያው አንድ እጅ ነው።»

ኤምፒስሪዋን አውጥታ ከስልኮቹ አጠገብ አኖረቻት።

«ያ ሰው፣ በሟቹ ኪስ ውስጥ ኤምፒስሪ ሲያገኝ ደስ አለው። ሙዚቃ ሲሰማ ተገጨ ለማሰኘት የራሱን ኤርፎን ሰካለት። ኤምፒስሪ ሁሉ አንድ መስሎት ነው። ይቺ ግን ብሉቱዝ የላትም። ከነዚህ ኤርፎኖች ጋር ልትነጋገር አትችልም።»

«ታዲያ ኤርፎኑ የማን ነው?» አለች ኩኩ።

«ስልክ ሲጮህ ጣቱን ወደ ጆሮው የሚሰድ ሰው አየሁ። ልማድ ነው፤ ኤርፎኑ ግን የለም።» ከከድጃ ሱቅ ባመጣችው የኤርፎን ሣጥን ቻርጅ ያደረገቻቸውን ኤርፎኖች አወጣችና አንዱን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። «ኩኩ፣ ስልክሽን አንሺና ለአብዮት ደውይለት።»

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» አብዮት ከወንበሩ ተነሣ፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ መልሶ አስቀመጠው።

ኩኩ ደወለች። የአብዮት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ሰኢዳ ስልኩን አልነካችም፤ ጆሮዋ ላይ ያለውን ኤርፎን በጣቷ ነካ አደረገችው። ጩኸቱ ቆመ፤ ጥሪው ተነሣ።

«አቤት ኩኩ፣ ይሰማሻል?» አለች በሹክሹክታ።

ድምፁ ከኩኩ ስልክ ወጣ። ኩኩ ጮኻ ስልኩን ጣለችው።

«ኤርፎን የሚያውቀው ጌታውን ነው» አለች ሰኢዳ። «አሁን አንተ ተናገር፣ ራጉኤል። ወደ ገላፊ ስትወጡ አዳይቱ አካባቢ መሪውን የያዘው ማን ነበር?»

ራጉኤል እንባው ወረደ። «አብዮት። እኔ በወባ ከወንበሩ ኋላ ተኝቼ ነበር። ‹ካልነዳሁ› አለ፤ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የለውም። ልጅቷን ሲገጫት ሰማሁ። ኃይሌ ‹አቁም!› ብሎ ጮኸ፤ ወርዶ አቀፋት። እኛ… እኛ ሄድን። አብዮት ‹ከተናገርክ ከሥራ ትወጣለህ› አለኝ። ስንመለስ ሰመራ ያገኘነው ኃይሌ ግን እምቢ አለው።»

አብዮት ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል። «እንዳትናገር ብዬ ለመንኩት» አለ። «ሐዲዱ ድረስ እየተከተልኩ ለመንኩት። ተርፋለች ቢለኝም አላመንኩትም፤ ሞታለች ብዬ ነው… ዘመዶቿ ይገድሉኛል ብዬ ነው።»

እስካሁን ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ተነሡ።

«አልሞተችም» አሉ አብዱሰላም። «አባቷ እኔ ነኝ።»

አብዮት ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ሽማግሌዎቻችን ተቀምጠው ሲጠብቁህ ነበር። ያ ሹፌር ‹አመጣዋለሁ› ብሎን ነበርና። መጥተህ ‹አጥፍቻለሁ› ብትል ወላሂ ይቅር ልንልህ ነበር።» «ልጄ ያነሣትን ሰው ፊት አላየችም፤ ድምፁን ብቻ ነው የምታውቀው። ጠዋት ማታ ‹ያ ያነሣኝ ሰው መጣ?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ፖሊሱ አብዮትን ይዞት ወጣ። ራጉኤል ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወደ እሳቸው ቀረበ።

«አብሬዎት ልሂድ፣ አባባ» አለ። «እኔ ልንገራት። ጥለናት የሄድን ጊዜ እኔም እዚያው መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ እሱንም ልንገራት።»

አብዱሰላም በትራቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩና ትከሻውን ያዙ።

«እንሂድ» አሉት።